አሮጌ ዕቃ ለማስነሳት አይሱዙ ከመጥራታችሁ በፊት

ሥራዬ ዕቃ ማንሳት ነው፤ ደንበኞቼን ግን «መጀመሪያ ቆራሌው ይይላችሁ» እላለሁ። የተበሳ ድስት፣ የተሰበረ የብረት አልጋ፣ ጀሪካን፣ ጠርሙስ እሱ ከፍሎ ነው የሚወስደው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ቆርቆሮው ምድጃ ሆኖ ይወጣል። አሮጌ ልብስና ጫማ ለልዋጭ ስጡ፤ ሳፋ ታገኙበታላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የየዕለቱ ቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ስለሚታሰብ ለእሱም መኪና አያስፈልግም።

መኪና የሚያስፈልገው ለተረፈው ነው፦ ለተቀደደ ፍራሽ፣ ለግንባታ ፍርስራሽ። ከጎረቤት ጋር ተጋርታችሁ በአንድ ምልልስ አስነሱት። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ሾፌሩን «የት ነው የምትደፋው?» በሉት። በርካሽ ተነስቶ ወንዝ ዳር የተጣለ ፍራሽ ቱቦ ዘግቶ፣ ክረምት ላይ ጎርፉ እዚያው የሚኖሩ እናቶች ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ።