ጭድ በጭቃ፥ ክር በአርማታ

በቆቦና በራያ ቆላ የጭቃ ቤት ሲመረግ ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል፤ ጥቂት ቀንም ከሰነበተ በኋላ ግድግዳው ይመረግበታል። ጭድ የሌለበት ምርጊት በቆላው ፀሐይ ሲደርቅ እንደ በጋ መሬት ይሰነጣጠቃል። ምክንያቱም ጭቃ ውሃው ሲወጣለት ይኮማተራል፤ ግድግዳው ግን አብሮት አይኮማተርም፤ ስለዚህ ምርጊቱ ተስቦ ይቀደዳል። ጭድ ሲኖርበት ግን ጭዱ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ያለውን ጭቃ ስለሚይዝ፥ አንዱ ትልቅ ስንጥቅ በብዙ ጥቃቅን ይከፋፈላል።

የአርማታም ጠባይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን የሚችለው የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ፌሮ የሚገባበትም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ፌሮ በበዛበት ቦታ አርማታው በየማዕዘኑ ሳይደርስ ባዶ ቦታ እንዳይተው ሠራተኛው በዘንግ ይወጋዋል፥ ወይም ቪብሬተር በሚባለው መሣሪያ ያንቀጠቅጠዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ሐጂሜ ኦካሙራ፥ ማንም ሳይነካው በገዛ ክብደቱ ፈስሶ የሚሞላ አርማታ እንዲሠራ አሳብ አቀረቡ፤ የመጀመሪያውም በ1988 ተሠራ። ምስጢሩ ጠጠሩን መቀነስ፥ እንደ ሲሚንቶ ያለውን ደቃቅ ማብዛት፥ ውሃም ሳይጨምሩ የሚያቀጥን ኬሚካል መጨመር ነው።

ታዲያ በዚህ አርማታ ላይ የብረት ወይም የፕላስቲክ ክር ቢጨመርስ? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ክሩ አርማታው ከጠነከረ በኋላ ስንጥቁን ይዞ ድንገት እንዳይሰበር ያደርጋል፤ እርጥብ ሳለ ግን መፍሰሱን ያግዳል። ረጅም የብረት ክር ሲበዛ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይድቦለቦላል፥ በፌሮዎቹም መካከል ይቀረቀራል። ጭድ ያበዛ መራጊ ጭቃው አልለጠፍ እንደሚለው ማለት ነው! ስለዚህ መሐንዲሶች አርማታውን ጫፉ በተቆረጠ ሾጣጣ ቆርቆሮ ሞልተው ቆርቆሮውን ወደ ላይ ያነሡታል፤ የተዘረጋውም ክብ ስፋት ከ55 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይገባዋል።

ቀጭን የፕላስቲክ ክር ለእንደ እኛ ላለ ሙቅ አገር አንድ ጥቅም አለው፤ ይኸውም ነፋስና ፀሐይ አዲሱን አርማታ ሲያደርቁት በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሚመጣውን ስንጥቅ ይቀንሳል። እሳት ቢነሣም ክሩ ቀልጦ ለእንፋሎቱ መውጫ ስለሚተው አርማታው እየፈነዳ አይፈረፈርም። የመጫን ኃይሉን ግን ክር ብዙ አይለውጠውም፤ ውሃ ማጠጣቱንም አያስቀርም። ደግሞም ቀጭን ክር ጨምሬአለሁ ብሎ ከምሰሶው ፌሮ የሚቀንስ ግንበኛ ቢገኝ፥ እኔ በዚያ ቤት አላድርም።