የስልክ ማሰሻ ኤክስቴንሽን ለቃሊቲ ደላላ ያዋጣል?

በአቃቂ ቃሊቲ ጭነት ከመኪና ለሚያገናኝ ደላላ ቢሮው ስልኩ ነው። ዋጋ ሊያይ ገጽ ሲከፍት ግን ማስታወቂያው ቀድሞ ይጫናል፤ የገዛው የኢንተርኔት ጥቅልም በዚያው ያልቃል። ለኮምፒውተር መፍትሔው ቆይቷል፦ ማሰሻው ላይ የሚጨመር፣ ኤክስቴንሽን የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም። ማስታወቂያ የሚያግደው ዩብሎክ ኦሪጅን አንዱ ነው።

በስልክ ነገሩ ሌላ ነው። የአንድሮይዱ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ባለቤቱ ጉግል በማስታወቂያ የሚያድር ኩባንያ ነውና ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. በአይፎን ሳፋሪ ላይ ፈቀደ። ፋየርፎክስ በ2020 ማሰሻውን እንደ አዲስ ሲሠራ ከጥቂቶች በቀር ዘግቶ፣ በዲሴምበር 2023 ከ450 በላይ ለሚሆኑት በሩን ከፈተ። የክሮምን ኤክስቴንሽኖች በአንድሮይድ ያሠራ የነበረው ኪዊ ግን በ2025 መጀመሪያ ሥራው ቆሟል፤ አሁንም የሚጠቀምበት ሰው የደህንነት እድሳት አያገኝም።

ወጪው ሌላ ቦታ ነው። ብዙዎቹ ኤክስቴንሽኖች ሲጫኑ በሚከፈቱት ገጾች ሁሉ ያለውን መረጃ ለማየትና ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የባንክ ሒሳቡን በማሰሻ ለሚከፍት ሰው ይህ የይለፍ ቃሉን ለማያውቀው እጅ መስጠት ሊሆን ይችላል። ቁጠባውም ቢሆን ከማሰሻው አያልፍም፤ በቴሌግራምና በፌስቡክ መተግበሪያ የሚመጣውን ማስታወቂያ አይነካም።