ጨዋታ በመሥራት የሚገኝ ዕውቀት

ጨዋታ ሲባል በብዙ ወላጆች ዘንድ የሥራ ጠላት፣ የትምህርት ባላንጣ ሆኖ ይቆጠራል። ልጁ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሰዓቱን ሲያሳልፍ የተመለከተ አባት «ይህ ልጅ ዕድሜውን በከንቱ ጨረሰው» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም። ነገር ግን ጨዋታን በመጫወትና ጨዋታን በመሥራት መካከል ያለው ርቀት፣ እንጀራ በመብላትና ጤፍ በመዝራት መካከል ያለውን ያህል ነው። ተጫዋቹ ሌላ ሰው አስቦ ያዘጋጀውን ይከተላል፤ ሠሪው ግን ራሱ ማሰብ፣ ማስላትና ማዘዝ አለበት። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ የምንፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ይኸውም አንድ ጀማሪ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በኢንተርኔት አማካይነት በሚሰጥ የኮሌጅ ትምህርት፣ የቪዲዮ ጨዋታ መሥራትን እንዴት እንደሚማር ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ በሂዩስተን ከተማ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረውን ትምህርት ነው። ትምህርቱ የቀረበው ኮርሴራ በተባለው ድርጅት በኩል ሲሆን፣ ድርጅቱን በዚያው ዓመት የመሠረቱት አንድሩ ንግና ዳፍኔ ኮለር የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። የራይስን ትምህርት ያዘጋጁት ጆ ዋረን፣ ስኮት ሪክስነር፣ ጆን ግራይነርና ስቲፈን ዎንግ ነበሩ። የመረጡት የፕሮግራም ቋንቋም ፓይተን ነው። ይህን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ የሆላንድ ተወላጅ ሲሆን፣ አጻጻፉ ከሌሎች ቋንቋዎች ይልቅ ቀለል ያለ በመሆኑ ለጀማሪ ይስማማል።

መምህራኑ ጨዋታን የትምህርት መሣሪያ ማድረጋቸው ተማሪን ለማባበል ብቻ አይደለም። ለኮምፒዩተር የሚጻፍ ትእዛዝ አንዲት ምልክት ብትጎድለው ወይም አንዲት መስመር ከቦታዋ ብትዛነፍ የታሰበውን ፍሬ አይሰጥም። በሒሳብ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ስሕተት ለብዙ ጊዜ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ በጨዋታ ላይ ግን ወዲያውኑ በዐይን ይታያል። ለምሳሌ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የልኬት መነሻው የላይኛው የግራ ማዕዘን ነው፤ ቁጥሩም ወደ ታች በተወረደ መጠን እየጨመረ ይሄዳል። በደብተሩ ላይ ግራፍ መሥራት የለመደ ተማሪ ኳሱን ወደ ላይ ልኬዋለሁ ሲል ወደ ታች ሲወርድበት ይደነቃል። አስተማሪ ሳይቆጣው፣ ማንም ሳያፍርበት፣ ኳሱ ራሱ ያርመዋል።

ሌላው መልካም ሐሳብ የሥራውን መሣሪያ የሚመለከት ነው። ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው ገና የመጀመሪያዋን መስመር ሳይጽፍ፣ አስፈላጊዎቹን ፕሮግራሞች በኮምፒዩተሩ ላይ ለመጫን ሲታገል ነው። ይህን ችግር ለማስወገድ ስኮት ሪክስነር ኮድስካልፕተር የተባለ መሣሪያ ሠርተው አቀረቡ። በዚህ መሣሪያ ተማሪው ምንም ነገር መጫን ሳያስፈልገው በኢንተርኔት ብራውዘር ውስጥ በግራ በኩል ትእዛዙን ይጽፋል፣ አንድ ምልክት ይጫናል፣ ውጤቱንም ወዲያው ያያል።

ከግምት እስከ ሰዓት

ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የቁጥር ግምት ነው። ኮምፒዩተሩ ከ0 እስከ 99 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይይዛል፤ ተጫዋቹ ሲገምት «ከፍ አድርግ» ወይም «ዝቅ አድርግ» ይለዋል። የሚፈቀደው ሙከራ 7 ብቻ ነው። ቁጥሩ እስከ 999 ሲሰፋ ደግሞ 10 ሙከራ ይፈቀዳል። ነገሩ ጭካኔ ቢመስልም ሒሳቡ ትክክል ነው። ብልህ ተጫዋች ሁልጊዜ መካከለኛውን ቁጥር ስለሚጠራ በእያንዳንዱ ሙከራ የቀሩትን ቁጥሮች በግማሽ ይቀንሳል። ሁለትን 7 ጊዜ ብናባዛ 128፣ 10 ጊዜ ብናባዛ 1,024 እናገኛለንና ሙከራው ይበቃዋል። ቁጥሮቹ 10 እጥፍ ሲሆኑ ሙከራው በ3 ብቻ መጨመሩ፣ ነገርን በግማሽ እየከፈሉ መፈለግ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያስተምራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ጨዋታ ነው። ሰዓቱ የሴኮንድን አንድ ዐሥረኛ እየቆጠረ ይሮጣል፤ ተጫዋቹ ልክ ሙሉ ሴኮንድ ላይ ቢያቆመው ነጥብ ያገኛል። እዚህ ላይ ጀማሪውን የሚፈትነው አንዲት ዜሮ ናት። አንድ ደቂቃ ከአምስት ሴኮንድ 1:05 ተብሎ መጻፍ ሲኖርበት፣ ኮምፒዩተሩ ካልታዘዘ በቀር 1:5 ብሎ ይጽፈዋል። ሰው ሳይነገረው የሚያውቀውን ኮምፒዩተር እንደማያውቅ ተማሪው የሚረዳው በእንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር ነው።

ኳሱ እንዴት ይሮጣል?

ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው ፖንግ የተባለው በሁለት መምቻ የሚደረግ የኳስ ጨዋታ ነው። ፖንግ ራሱ የተወለደው ለመለማመጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የአታሪ ኩባንያ መሥራች ኖላን ቡሽኔል፣ አላን አልኮርን ለተባለው ወጣት መሐንዲስ እጁን እንዲያፍታታበት የሰጠው ሥራ ነው። ያ መለማመጃ ለገበያ ቀርቦ የቪዲዮ ጨዋታን ንግድ በዓለም ላይ ካስፋፉት አንዱ ሆነ። ስለዚህ የዛሬው ጀማሪ ፖንግን ሲሠራ የአልኮርንን መንገድ ይከተላል ማለት ነው።

በስክሪኑ ላይ የሚሮጥ የሚመስለው ኳስ በእውነቱ አይሮጥም። ኮምፒዩተሩ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 60 ጊዜ ያህል ሥዕሉን እንደገና ይሥላል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ የኳሱን ፍጥነት በነበረበት ቦታ ላይ ይደምራል። ዐይናችን የተለያዩትን ሥዕሎች አያይዞ እንቅስቃሴ ያደርጋቸዋል። በራይስ ትምህርት ሜዳው ወርዱ 600፣ ቁመቱ 400 ነጥብ ነው። ኳሱ ከማዕከሉ እስከ ጠርዙ 20 ነጥብ ሲሆን፣ የመምቻው ውፍረት 8 ነው። ስለዚህ የኳሱ ማዕከል ከግራው ግድግዳ 28 ነጥብ ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ መጠየቅ አለበት፦ መምቻው በዚያ ቁመት ላይ አለን? ካለ የአግድሙ ፍጥነት አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ከሌለ ነጥቡ ለባላጋራው ይቆጠራል። በእያንዳንዱም ምት ፍጥነቱ በመቶ 10 ይጨምራል። ይህ ጭማሪ ትንሽ ቢመስልም በ7ኛው ምት ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የባንክ ወለድ በወለድ ላይ ሲወለድ እንደሚሆነው ያለ ነው።

ከዚህ በኋላ 16 ካርታዎችን ገልብጦ 8 ጥንድ የማግኘት ጨዋታ፣ ቀጥሎም ብላክጃክ የተባለው የካርታ ጨዋታ ይመጣል። በብላክጃክ ተማሪው ንድፍ ማውጣትን ይማራል። አናጢ የአንድ ወንበር ንድፍ ካወጣ በኋላ ብዙ ወንበር እንደሚሠራ ሁሉ፣ ተማሪው የአንድ ካርታን ጠባይ አንድ ጊዜ ከጻፈ በኋላ 52ቱንም ካርታዎች ከዚያው ያወጣል።

የመጨረሻው ሥራ፣ አታሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውን አስትሮይድስ የተባለ ጨዋታ የሚመስል የጠፈር መርከብ ነው። መርከቧ ወደ ዞረችበት አቅጣጫ እንድትገፋ ሳይንና ኮሳይን ያስፈልጋሉ። ብዙ ተማሪዎች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ይህ ለምን ይጠቅመኛል?» እያሉ ያጠኑት ትምህርት እዚህ ላይ ሕይወት ያገኛል። መርከቧ በቀኝ ጠርዝ ስትወጣ በግራ እንድትመለስ የሚደረገውም በማካፈል ቀሪ ነው፤ ሜዳው 800 ነጥብ ሲሆን 805 ላይ የደረሰችው መርከብ ለ800 ተካፍላ ቀሪዋ 5 ላይ ትገኛለች።

ጀማሪው ብዙ፣ ጨራሹ ጥቂት

የዚህን ዓይነት ትምህርት መልካምነት ስንናገር ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። በኢንተርኔት ለሚሰጥ ትምህርት መመዝገብ ቀላል ነው፤ መጨረስ ግን ከባድ ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና ኤምአይቲ በመጀመሪያው ዓመት በሰጧቸው 17 ትምህርቶች 841,687 ምዝገባ ተቀብለው ነበር፤ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ግን ለ43,196 ብቻ ነው። ከመቶ 5 ያህል መሆኑ ነው። እርግጥ ብዙዎቹ የተመዘገቡት ለመመልከት ብቻ ስለሆነ ሁሉም ወድቀዋል አይባልም። ቢሆንም ደወል የማይደወልበት፣ ስም የማይጠራበት ትምህርት ቤት ከተማሪው የሚጠይቀው ከባድ ነገር ራስን መግዛት መሆኑን ቁጥሩ ያስረዳል።

ሁለተኛው ፈተና የእውነተኛነት ነው። በራይስ ትምህርት ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ሥራ እየመረመሩ ነጥብ ይሰጡ ነበር። የሌላውን አጻጻፍ ማንበብ ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን ያለቀለት መልስ በኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ገልብጦ የሚያቀርብ ሰው ማን ያግደዋል? ከራሱ ኅሊና በቀር ማንም። እንዲህ ያለው ተማሪ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን አሠሪው አንድ ቀን ባዶ ስክሪን ከፊቱ አቅርቦ «እስቲ ጻፍ» ሲለው የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

ለአገራችን ተማሪ

በአገራችን ላለ ወጣት ደግሞ የእንግሊዝኛው ቋንቋ፣ የኢንተርኔቱ ዋጋና የመብራቱ መቋረጥ ይጨመሩበታል። ስለዚህ ጥቂት ምክር እንለግሳለን። አንደኛ፣ ከመመዝገብ በፊት ትምህርቱ በነፃ ወይም በክፍያ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙን አስቀድሞ በወረቀት ላይ በአማርኛ መጻፍ ይጠቅማል፤ «ኳሱ ግድግዳ ሲነካ ይመለስ» ብሎ በራሱ ቋንቋ በግልጽ መጻፍ የቻለ ሰው ወደ ፓይተን ለመለወጥ አይቸገርም። መብራት ቢጠፋም ወረቀቱ አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ሦስት ወይም አራት ሆኖ መማር መልካም ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ብቻውን ሊያቆም የነበረው ሰው ጓደኞቹ ሲጠብቁት ይቀጥላል።

ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ በሰው አገር ጨዋታ ብቻ መቆም የለበትም። ገበጣን ይሞክር። ጉድጓዶቹ በኮምፒዩተር ዘንድ የቁጥሮች ዝርዝር ናቸው፤ ጠጠር መዝራት ደግሞ ከአንዱ ቁጥር እየቀነሱ በሚቀጥሉት ላይ አንድ አንድ መጨመር ነው። ጉድጓዶቹ 12 ቢሆኑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ለመመለስ የሚያስፈልገው ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ነው። የጠፈር መርከቧን ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ያሻገረው ያው ስሌት የገበጣውንም ጠጠር ያዞራል ማለት ነው። ይህን ማየት የቻለ ተማሪ ትምህርቱን ከመሸምደድ አልፎ የራሱ አድርጎታል።

አንድ የጀማሪዎች ትምህርት ሰውን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ባለሙያ አያደርግም። በዓለም ገበያ የሚሸጡት ታላላቅ ጨዋታዎች ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛ፣ ደራሲና ብዙ መሐንዲስ ተባብረው ለዓመታት የሚደክሙባቸው ናቸው። ጀማሪው የሚያተርፈው ሌላ ነው፤ ትልቁን ችግር በትናንሽ መክፈልን፣ ያልሠራውን ነገር ሳይበሳጩ ደጋግሞ መመርመርን፣ የጀመሩትንም መጨረስን ይማራል። እነዚህ ልማዶች በቢሮም፣ በእርሻም፣ በንግድም ያስፈልጋሉ። ስለሆነም ልጁ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ያገኘው ወላጅ፣ ከመቆጣቱ አስቀድሞ «ትጫወታለህን ወይስ ትሠራለህ?» ብሎ ቢጠይቀው መልካም ነው እንላለን። እሠራለሁ የሚል ከሆነ አጠገቡ ወንበር ስቦ ሥራውን እንዲያሳየው ይጠይቀው።