ፊደል የሠሩት መምህር

በሰሌዳው ላይ «አለ» ብለን እንጻፍ። ቃሉ ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ግን «ይገኛል» ማለት ይሆናል። ፊደሉ ያው አንድ ነው። «ታዲያ በምን እንለየው?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ይህን የመሰለ ጥያቄ አጥብቆ ያሳሰባቸው አንድ መምህር ነበሩ። ዛሬ እሳቸውን እናስታውሳለን።

ስማቸው ሼህ በክሪ ሳጳሎ ይባላል። የተወለዱት በ1887 ዓ.ም. ገደማ በሐረርጌ ነው። የወጣላቸው ስም አቡበከር ነበር። ሳጳሎ ደግሞ ያስተማሩበት ቦታ ስም ነው። ሰው መምህሩን በማስተማሪያው ቦታ ጠራቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ሼህ በክሪ ሃይማኖት አስተማሩ፤ የሕዝባቸውን የኦሮሞን ታሪክም ጻፉ። በኦሮምኛ ግጥም ይገጥሙ ነበር። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር ግጥማቸውን በቃሉ ይዞ ይለው ነበር።

ነገር ግን ኦሮምኛን በሚገባ የሚጽፍ ፊደል አጡ። «ላፋ» የሚለውን ቃል እንይ። ድምፁ ሲያጥር «መሬት» ነው፤ ሲረዝም ግን «ደካማ» ይሆናል። በእኛ ፊደል «ላፋ» ብለን ብንጽፈው አይለይም። ስለዚህ በ1948 ዓ.ም. ገደማ ሼሁ ራሳቸው ለኦሮምኛ አዲስ ፊደል ሠሩ። ፊደሉን የተማሩ ሰዎችም ደብዳቤ ይጻጻፉበት ጀመር።

የዘመኑ ባለሥልጣኖች ግን ነገሩን በጥርጣሬ ዓይን አዩት። ፊደሉ ታገደ። ሼሁም ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር ተቀመጡ። ከዚያም በኋላ ቢሆን መጻፋቸውን አልተዉም። በስተርጅና ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ፤ በ1972 ዓ.ም. እዚያው በስደተኞች መጠለያ አረፉ።

ልፋታቸው ከንቱ ቀረ እንዴ? አልቀረም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ኦሮምኛ አንዱ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቁቤ ይጻፋል። በቁቤ የሚረዝመው ድምፅ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። የሼሁ ፊደል ትምህርት ቤት ባይገባም፣ ያነሱት ጥያቄ መልስ አገኘ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሼሁን ግጥም ሰው በቃሉ አቆየላቸው። ሁሉም ነገር ግን እንዲህ ዕድል አይገጥመውም። ስንት ሽማግሌ የሚያውቀውን ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል!

እንግዲህ አሁን መጻፍ ችላችኋል። በዚህ ሳምንት ከመንደራችሁ አንድ አዛውንት ዘንድ ሂዱ። «የመንደራችን ስም ከምን መጣ? ምንጩን ማን ቆፈረው?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ መልሳችሁ አንብቡላቸው። የተሳሳተ ነገር ካለ እሳቸው ያርሙታል፤ ልክ ከሆነ ደግሞ ቃላቸው ከወረቀት ላይ ሲነበብ ይሰማሉ።