በመተማ ቆላ ለሚደክሙ ሠራተኞች ስለሚገባ ምስጋናና ሽልማት

ለሠራተኛ የሚገባው ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው ዋጋው፥ ሁለተኛው ክብሩ ነው። ዋጋው የደከመበትን ቀን ይተካለታል፤ ክብሩ ግን ለሚመጣው ዓመት ልቡን ያዘጋጀዋል። ዋጋውን ከልክሎ ምስጋና የሚያበዛ በሠራተኛው ላይ እንደ ቀለደ ይቈጠራል፤ ዋጋውን ከፍሎ ምስጋና የሚነፍግም ሰውን እንደ ዕቃ ተከራይቶ እንደ መለሰ ያህል ነው። ይህን ነገር ለአስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለሰፋፊ እርሻ ባለቤቶች ማሳሰብ ያስፈለገበት ምክንያት፥ በመተማና በአካባቢው ቆላ የአዝመራው መግባትም መባከንም በሠራተኛው ፈቃድና ትጋት ላይ ያረፈ በመሆኑ ነው።

መተማን፥ ቋራንና ምዕራብ አርማጭሖን የያዘው፥ ዋና ከተማውም ገንዳ ውኃ የሆነው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት ሰፊ አገር ነው። ከእነዚህም ሰሊጥ፥ ወደ ውጭ አገር ተሸጦ ለአገራችን የውጭ ገንዘብ ከሚያስገቡት የእርሻ ውጤቶች መካከል ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የሚጠራ ሆኖ ኖሯል። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የዚህን አገር ነጭ ሰሊጥ ሁመራ ጎንደር በሚል ስም ለይቶ መድቦታል። ይህ ስም በገበያ የሚከበረው ሰሊጡ ከአፈርና ከጠጠር ንጹሕ ሲሆን ነው፤ ንጹሕ የሚያደርገውም በአውድማ ላይ ያለው የሠራተኛው እጅ ነው።

ሰሊጥ ባለቤቱን የማይጠብቅ እህል ነው። በክረምቱ መግቢያ ይዘራል፤ በዝናብ ውስጥ ደጋግሞ ይታረማል፤ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቅጠሉ ይገረጣል። በዚያን ጊዜ የላይኛው ፍሬ ገና ለምለም ሳለ የታችኛው ይደርቅና ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። አጫጁ ጥቂት ቀን ቢዘገይ የዓመቱ ልፋት በመሬት ላይ ይረግፋል። ከታጨደም በኋላ ነዶው ታስሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲደርቅም በሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ነዶውን በቸልታ የሚያነሣ ሠራተኛ ከሚያገባው የሚያረግፈው ይበዛል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ በቁጣ ማግኘት አይቻልም፤ አለቃ በአንድ ጊዜ በየነዶው አጠገብ ሊቆም አይችልምና።

እነዚህ እጆች አብዛኛዎቹ ከደጋው የሚወርዱ ናቸው። መሬቱ የጠበበው፥ ግብሩንና የልጆቹን ልብስ የሚያስብ ገበሬ፥ ትምህርቱን ያቋረጠ ወጣትም ወደ ቆላ ይወርዳል። በቆላው ብዙ ወራት የኖረውንና ሥራውን የለመደውን ሳሉግ ይሉታል። ሙቀቱ ጽኑ ነው፤ ወባ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛርም አለ፤ በሽታው ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ሠራተኛው በግራር ጥላ ሥርና በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ላይ ስለሚያድር ለዚህ ዝንብ የተጋለጠ ነው። ጉዳቱም በቆላው ተወስኖ አይቀርም፤ በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ካላ አዛር ተነሥቶ ብዙ ሰው በታመመ ጊዜ፥ በሽታውን ወደዚያ ያደረሱት ከመተማና ከሁመራ ቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ሐኪሞች ገምተዋል። እንግዲህ ይህ ሰው የሚሰጠን ጉልበቱን ብቻ አይደለም፤ ጤንነቱንም ጭምር ለአደጋ ያቀርባል።

ከቀን ሠራተኛው ሌላ በዚህ ቆላ ስማቸው ሳይነሣ የሚደክሙ አሉ። በየቀበሌው ተመድቦ ገበሬውን የሚያስተምረው የእርሻ ባለሙያ፥ በ1998 ዓ.ም. በቋራ በተቋቋመው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ዱሩን ከቃጠሎና ከአዳኝ የሚጠብቀው ዘበኛ፥ ያለ ደመወዝ በፈቃዱ እርከን የሚሠራውና ችግኝ የሚተክለው ነዋሪ ሁሉ ከዚህ ይቈጠራሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ስደተኞች በመተማ በኩል በገቡ ጊዜም፥ ውኃና እንጀራ ይዘው የተቀበሉ የአገሩ ሰዎች ሊታሰቡ ይገባል።

አሁን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የሽልማቱ ጊዜ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋው በሰኔ 30 ቀን በመሆኑ የሥራ ግምገማውም የምስክር ወረቀቱም ወደዚያው ወራት ይሳባል። የሰሊጥ አጫጅ ግን ጥርና የካቲት ሳይደርሱ ዋጋውን ተቀብሎ ወደ ደጋው ወጥቷል። በአዳራሹ ውስጥ የሚገኙት ጽሕፈት ቤት አጠገብ ያሉት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ጭብጨባው ለእነርሱ ይደርሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ባለ ሥራው ከሄደ በኋላ የሚሰጥ ምስጋና ለማንም አይረባም።

ሽልማት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን ካባው፥ ለምዱና ጋሻው በጦር ሜዳ ለዋለው ጀግና ይሰጥ ነበር። የመተማ ስምም በታሪክ የሚነሣው በዚሁ በጦር ነገር ነው፤ አጼ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያረፉት በዚህ ነው፤ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ ተብላ ስማቸውን ይዛ ትኖራለች። ሞፈርና መዶሻ የያዘው ሰው ግን ለረጅም ዘመን ከመሸለም ይልቅ ይናቅ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ይህን ክፉ ልማድ ለማረም ነው። በኋላም በ2000ዎቹ ዓመታት ታታሪ አርሶ አደሮችን በአገር አቀፍ በዓል መሸለም ተለመደ። ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰው እርሻ የሚያጭደውንና መሬት የሌለውን ሠራተኛ ገና አልደረሰበትም።

የበጎ ፈቃድን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ደቦን ማየት ይበቃል። በደቦ የመጣ ጎረቤት ገንዘብ አይቀበልም፤ ባለ እርሻው ግን ጠላውን አዘጋጅቶ፥ እንጀራውን አቅርቦ፥ አመስግኖና አስመርቆ ካልሸኘ በአገሩ ፊት ያፍራል፤ በሚመጣው ዓመትም የሚመጣለት አያገኝም። በዚያው ማዕድ ላይ ለአንዱ ብቻ ብር ቈጥሮ የሚሰጥ ቢኖር ደግሞ ደቦው በዚያ ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ በፈቃዱ የሚያገለግለውን ሰው ወጪውን ሸፍኖለት፥ በሕዝብ ፊት አክብሮ መሸኘት ይገባል እንጂ፥ አገልግሎቱን በገንዘብ መተመን አይገባም።

የውጭ አገር ሰዎችም ይህንኑ መርምረው አግኝተውታል። በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ፥ ጸጉር አስተካካዮች ከኤድስ በሽታ የሚጠብቀውን ኮንዶም ለደንበኞቻቸው እንዲሸጡ ተደርጎ፥ ለአንዳንዶቹ ገንዘብ፥ ለሌሎቹ ደግሞ በሱቃቸው በሚሰቀል ሠሌዳ ላይ የክብር ኮከብ ተሰጣቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ኮከብ የተሰጣቸው ሰዎች ሽያጭ ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሆነ። የክብሩ ኃይል ሁሉም የሚያየው በመሆኑ ነው። በማላዊም እንደዚሁ፥ በ2019 የታተመ ጥናት፥ አዲስ የእርሻ ዘዴ ለጎረቤቶቻቸው እንዲያስተምሩ የተመረጡ ተራ ገበሬዎች መጠነኛ ስጦታ በዓይነት ሲጠብቃቸው ትምህርቱን በትጋት እንዳዳረሱ አሳይቷል።

ነገር ግን ሽልማት ያለ ጥንቃቄ ቢሰጥ ጉዳት ያመጣል። በሶቪየት ኅብረት በ1935 ስታካኖቭ የተባለ የከሰል ድንጋይ ቈፋሪ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን አወጣ ተብሎ ስሙ በዓለም ተነገረ። የማዕድኑን ጣሪያ በእንጨት እየደገፉ ሥራውን ያቃኑለት ረዳቶቹ ግን ከክብሩ አልተካፈሉም፤ ከዚያም ወዲህ በየፋብሪካው የሥራው ልክ ለሁሉም ከፍ ተደረገ። በእኛም ዘንድ ብዛትን ብቻ የሚሸልም ሹም የሐሰት ቍጥር ይቀበላል፤ ያልተተከለ ችግኝ በወረቀት ላይ ይጸድቃል። አመስጋኝ አማሳኝ የተባለውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች እንዲፈጸሙ ለአንባቢዎቻችን እናሳስባለን።

1ኛ፤ ምስጋና የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። እያንዳንዱ ባለ እርሻ ሠራተኛው በገባ ቀን ስሙን፥ የአባቱን ስምና የመጣበትን ወረዳ ይመዝግብ። ስሙ ያልታወቀ ሰው ሊሸለም አይችልም፤ ቢታመምም ለዘመዱ መልእክት የሚደርስበት መንገድ የለም።

2ኛ፤ ከሽልማት አስቀድሞ ዋጋው በሙሉና በቀኑ ይከፈል። በእርሻው ላይ ንጹሕ ውኃ፥ አጎበርና ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ መጓጓዣ ይኑር። እነዚህ ስጦታዎች አይደሉም፤ ዕዳዎች ናቸው።

3ኛ፤ የቀን ሠራተኛ ሽልማት በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ወደ አገሩ ሳይመለስ፥ በእርሻው ቦታ ላይ ይሰጥ። የወረዳው ሹም ራሱ ወደ አውድማው ወርዶ ስሙን ይጥራ።

4ኛ፤ ተሸላሚውን ሠራተኞቹ ራሳቸው ከባለ እርሻው ጋር ይምረጡ፤ የተመረጠበትም ምክንያት በግልጽ ይነገር። ነዶን በጥንቃቄ ያነሣ፥ አዲስ መጤውን ያስተማረ፥ የታመመውን ተሸክሞ ያደረሰ ሰው ከሁሉ በፊት ይታሰብ። ሥራው በኅብረት የተሠራ እንደ ሆነም ሽልማቱ ለጓዶቹ በሙሉ ይሁን።

5ኛ፤ የሚሰጠው ነገር የሚረባ ይሁን፤ ለአጫጁ የመሳፈሪያ ገንዘብ፥ ጋቢና ሙያውን የሚመሰክር ማኅተም ያለበት ወረቀት፤ ለእርሻ ባለሙያውና ለፓርኩ ዘበኛ የትምህርት ዕድልና በበረሃ የቈየበትን ዘመን የሚያስብ እድገት፤ ለበጎ ፈቃድ አገልጋዩ የሕዝብ ምስጋናና የሽማግሌዎች ምርቃት።

6ኛ፤ በሥራ ላይ ሳለ የሞተ ሠራተኛ እንደሆነ፥ ያልተከፈለው ዋጋ ከሐዘን ደብዳቤ ጋር በወረዳው በኩል ለቤተ ሰቡ ይድረስ፤ ስሙም በሽልማቱ ቀን ከሁሉ አስቀድሞ ይነበብ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ መዝገብ፥ ጥቂት ወረቀት፥ የሹሙም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ትርፉ ግን ታላቅ ነው፤ በክብር የተሸኘ ሠራተኛ በደጋው የእርሻውን ስም በመልካም ያነሣል፤ በሚመጣው መስከረምም ወንድሞቹን አስከትሎ ይወርዳል። የተዋረደው ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሰሊጡ ቅርፊቱን ከፍቶ በባለቤቱ ዓይን ፊት ይረግፋል። መተማ በምድሯ ላይ የወደቁትን የንጉሥ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቃለች፤ በዚያችው ምድር ላይ ላባቸውን የሚያፈሱትንም በየስማቸው መዝግቦ ማመስገን የሹማምንቱና የባለ እርሻዎቹ ተግባር ነው።