ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ስለ ገንዘብ አያያዝ ትምህርት

ገንዘብ የሚገኘው በድካም ነው፤ የሚጠፋው ግን ብዙ ጊዜ ባለማወቅ ነው። ገበሬው እርሻን ከአባቱ ይማራል፤ ዲያቆኑም ዜማውንና ቅኔውን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል። ገንዘብን መያዝ ግን አብዛኛው ሰው የሚማረው ከመምህር ሳይሆን ከደረሰበት ጉዳት ነው፤ የዚህም ትምህርት ዋጋው እጅግ የከበደ ነው። ስለዚህ የግል ገንዘብ አያያዝ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ በኢንተርኔት እስከ ገጠር ከተማ ድረስ ቢሰጥ፥ ተማሪውም ተፈትኖ ሲያልፍ በኮሌጅ ክሬዲት ቢታሰብለት፥ የሚገኘውን ጥቅም መመርመር ተገቢ ነው።

ለዚህ ምርመራ የሰንበቴን ገበያ መመልከት ይጠቅማል። ሰንበቴ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እሑድ በሚቆመው ገበያዋ አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፥ ኦሮሞው ከብቱንና የእርሻውን ፍሬ፥ አማራው እህሉን፥ አርጎባውም ሸማውንና ሸቀጡን ይዞ ይገናኛሉ፤ በማግሥቱም ሰኞ የባቲ ገበያ ይቆማል። በዚህ ቦታ ፊደል ያልቈጠረው ነጋዴ እንኳ የሁለቱን ገበያ ዋጋ በቃሉ አስተካክሎ ትርፉን ያውቃል። ስለዚህ ሕዝቡ ስለ ገንዘብ ምንም አያውቅም ማለት ስሕተት ነው።

ዕቁብንም መመልከት ነው። 10 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር እየጣሉ ዕጣ ቢያወጡ፥ በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው ከዘጠኙ ጓደኞቹ ያለ ወለድ እንደተበደረ ይቈጠራል፤ በመጨረሻ የደረሰው ደግሞ ለሌሎቹ እንዳበደረ ይቈጠራል። ሁለቱም እኩል 10,000 ብር ይቀበላሉ፤ ነገር ግን በመካከሉ የእህል ዋጋ ቢወጣ የኋለኛው ገንዘብ የሚገዛው እህል ከፊተኛው ያነሰ ይሆናል። የገንዘብ ትምህርት ትልቁ ምሥጢር ይኸው ነው፤ የዛሬ ብርና የነገ ብር ስማቸው አንድ ሲሆን ኃይላቸው ግን ልዩ ልዩ ነው።

በዘመናችን ይህን አለማወቅ ብዙ ሰው ጐድቷል። በመስከረም ወር 2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50ና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ሲለወጡና ባለ 200 ብሩ ሲወጣ፥ ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነበር። ገንዘቡን በሣጥንና በጕድጓድ የሸሸገ ሰው፥ መክሊቱን በምድር እንደቀበረው አገልጋይ፥ በዚያን ጊዜ ተጨነቀ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። በእንዲህ ያለ ዓመት 10,000 ብር በሣጥን ያስቀመጠ ሰው፥ በዓመቱ መጨረሻ ሲያወጣው ቀድሞ በ7,700 ብር ገደማ የሚገኘውን ዕቃ ብቻ ይገዛበታል። በ7 በመቶ ወለድ በባንክ ያኖረውም ቢሆን ዓቅሙ 8,200 ብር ገደማ ነው። ባንክ ከሣጥን ይሻላል፤ ነገር ግን በዚህ ስሌት እርሱም ብቻውን እንደማይበቃ የተማረ ሰው ያስተውላል።

ብድርም መልኩን ለውጧል። ቀድሞ ተበዳሪ ዋስ ጠርቶ፥ ሽማግሌ አስቀምጦ፥ ፊቱ እያፈረ ይበደር ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን በስልክ ብድር መስጠትና ቍጠባ መቀበል ጀመረ። ነገሩ ለነጋዴና ለሠራተኛ ታላቅ ምቾት ነው። ዳሩ ግን ብድሩ ከትምህርቱ ቀድሞ ስለደረሰ፥ ሳያሰላ የሚበደር ወጣት አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ ሲከፍል ይገኛል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የተማሪው ነገር ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተደነገገው የወጪ መጋራት ሥርዐት ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ ዕዳውን ይጨርሳል። ከሰንበቴ ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ የገበሬ ልጅ በሕይወቱ የመጀመሪያውን የዕዳ ውል በ18 ወይም በ19 ዓመቱ ይፈርማል ማለት ነው። ስለ ዕዳ ግን ማንም አላስተማረውም። በ2012 ዓ.ም. ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በወጣው የጋራ ትምህርት ዝርዝር ኢኮኖሚክስና ሥራ ፈጠራ ሲገኙ፥ የግል ገንዘብ አያያዝ በስሙ ተለይቶ አልገባም። የአገርን ሀብት ስሌት አውቆ የራሱን ደመወዝ ስሌት የማያውቅ ምሩቅ መውጣቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

በአሜሪካ አገር ይህ ትምህርት በቤት ተቀምጠው በኢንተርኔት የሚከታተሉት ሆኗል። ከኮሌጅ ውጭ የተሰጠውን ኮርስ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት መርምሮ ለክሬዲት ይበቃል ብሎ ሲመሰክር፥ ኮሌጁ እንደ ሥርዐቱ ይቀበለዋል። ተማሪው ገቢና ወጪን ማመዛዘን፥ ወለድን ማስላት፥ ግብርን፥ ኢንሹራንስንና ጡረታን ይማራል። በኢትዮጵያም መንገዱ ተጀምሯል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ባሰናበቱ ጊዜ የኢንተርኔት ትምህርት አስፈላጊነት ለሁሉ ታወቀ፤ ከዚያም ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኢንተርኔት ትምህርት ዝግጅት ይዟል።

ነገር ግን የውጭውን ኮርስ እንዳለ ማምጣት አይበቃም። የሰንበቴ ተማሪ ሊያውቅ የሚገባው ዕቁብን ከባንክ ጋር ማመዛዘንን፥ በመኸር የተገኘው ገቢ እስከ ክረምት የሚደርስበትን ዘዴ፥ ለጡረታው ሠራተኛው ከደመወዙ 7፥ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበትን ምክንያት ነው። ትምህርቱ በአማርኛም በኦሮምኛም ሊሰጥ ይገባል። ደግሞም በአካባቢው የሚበዛው ሕዝብ እስላም ስለሆነና ወለድ በሃይማኖቱ ስለተከለከለ፥ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረበት ከወለድ ነጻ የሆነው የባንክ አሠራር በኮርሱ ውስጥ ሙሉ ቦታ ማግኘት አለበት።

ሁለተኛው ነገር የፈተናው እውነተኛነት ነው። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። በኢንተርኔት ሲማር አንዱ በሌላው ስም መፈተን ቀላል ስለሆነ፥ ክሬዲቱ ያለ ዕውቀት የተገኘ ጥምጥም እንዳይሆን ያሰጋል። መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናን የጀመረው የወረቀትንና የዕውቀትን ልዩነት ለመለየት ነው። ስለዚህ ተማሪው ትምህርቱን በስልኩ ይከታተል፤ መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥም የሚያነበው ጽሑፍ ይኑረው፤ ፈተናውን ግን በደብረ ብርሃን ወይም በወሎ ዩኒቨርሲቲ፥ መምህር ባለበት፥ በአካል ቀርቦ ይፈተን።

በዚህ ሥራ የሹማምንትና የካህናት ድርሻ ቀላል አይደለም። ሹሙ ኮርሱ እንዲፈቀድና እንዲመረመር ማድረግ ይችላል። ካህኑም ለሠርግና ለተዝካር ሲሉ በሬያቸውን ሸጠው፥ መሬታቸውን አከራይተው፥ በዕዳ የሚወድቁትን የንስሐ ልጆቹን ያውቃቸዋል፤ ቃሉም በቤታቸው ይሰማል። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ያከማቸው እህል በረሃቡ ዘመን ብዙ ነፍስ እንዳዳነ የሚያስተምር ካህን፥ ይህንኑ ትምህርት ለአንድ ቤት ጐተራ ማስተማር አይከብደውም። ወጣቱ የመጀመሪያውን ውል ከመፈረሙ በፊት የውሉን ትርጕም እንዲያውቅ ማድረግ ለእርሱም፥ ለወላጆቹም፥ ለአገሩም ጥቅም ነው፤ ከፈረመ በኋላ የሚመጣ ትምህርት ግን ዕዳውን አይቀንስለትም።