ሰው ሠራሽ ጥርስና የመልስ መንገድ
በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች

ጥርስ የሌለው ሰው ምን ያጣል ተብሎ ቢጠየቅ ብዙዎቻችን ማኘክን እንጠቅሳለን። መልሱ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። «ፈ» የሚለው ድምፅ የሚወጣው የላይኛው የፊት ጥርስ በታችኛው ከንፈር ላይ ሲያርፍ ነውና፣ ጥርሱ ሲጎድል ድምፁም ይበላሻል። ጅግጅጋ የምትገኝበት ዞን ስሙ ፋፈን ነው፤ እንግዲህ የፊት ጥርሶቹ የወለቁበት ሽማግሌ የሚኖርበትን አገር ስም እንኳ አጥርቶ መጥራት ይቸግረዋል ማለት ነው። ሶማሌ ግጥምንና የንግግር ችሎታን እጅግ የሚያከብር ሕዝብ ነው፤ ጠብና የደም ካሳ «ሔር» በሚባለው ባህላዊ ሕግ መሠረት ሽማግሌዎች ተሰብስበው በንግግር ይጨርሱታል። በእንዲህ ያለ ሸንጎ ቃሉ ጠርቶ የማይሰማ ሽማግሌ ከጥርሱ ጋር መደመጥንም ያጣል። ስለዚህ ሰው ሠራሽ ጥርስን የመልክ ጌጥ ብቻ አድርጎ መገመት ተገቢ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምንስ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያልቅ ዕቃ እንዳልሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዋናው አሳባችን ይህ ነው፤ ለጅግጅጋና ለአካባቢዋ ከተሞች ከባዱ ነገር ጥርሱን አንድ ጊዜ ማሠራቱ ሳይሆን ደጋግሞ ወደ ሠሪው መመለሱ ነው።

ጥርስ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበዛው የጥርስ መበስበስና የድድ በሽታ ሲሆን፣ አደጋም ይታከልበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል 23 ከመቶ ያህሉ ጥርሳቸውን በሙሉ አጥተዋል። በአገራችን ምሥራቅ ስኳር የበዛበት ሻይ በየቀኑ ይጠጣል፤ ከአወዳይ የሚመጣውም ጫት አፍን ስለሚያደርቅና ከጣፋጭ መጠጥ ጋር ስለሚቃም ለመበስበሱ ይረዳል። በሌላ በኩል ሕዝቡ በመፋቂያ የመጠቀም የቆየ ልማድ ስላለው ብዙ ጥርስ ይድናል። ከሕፃንነት የሚጀምር ጉዳትም አለ። የሕፃን ድድ ሲያብጥ ለተቅማጥና ለትኩሳት ምክንያት ነው ተብሎ ገና ያልበቀለው ክራንቻ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ይህ ሥራ በሶማሌኛ የቀበሮ ጥርስ በሚል ስም ይታወቃል፤ በሌላውም የአገራችን ክፍል ግግ ማውጣት ይባላል። በዚህ ጊዜ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስ ስለሚጎዳ፣ ልጁ ሲያድግ ክራንቻው ጎድሎ ወይም ተጣሞ ይገኛል።

የጎደለውን ጥርስ ለመተካት ሰው የደከመው ከጥንት ጀምሮ ነው። በጥንቷ ኢጣልያ የነበሩት ኤትሩስካውያን በወርቅ ጥብጣብ ጥርስ ያስሩ ነበር። የአሜሪካው ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ቀርቶአቸው ነበር፤ ይለብሱት የነበረውም ጥርስ ብዙ ጊዜ እንደሚወራው ከእንጨት ሳይሆን ከዝሆንና ከጉማሬ ጥርስ፣ ከሰው ጥርስና ከብረት የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1815 የዋተርሎ ጦርነት በኋላ ከሞቱ ወታደሮች አፍ የተነቀለ ጥርስ በአውሮፓ ይሸጥ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጠንካራ ጎማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ ሥራ ላይ ዋለ። አክሪሊክ የድድ ቀለም ስለሚቀበል፣ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ፣ ቢሰበርም ስለሚጠገን እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ይሁን እንጂ የተለወጠው ዕቃው ነው፤ በእያንዳንዱ ሰው አፍ ልክ መሠራቱ ግን አልቀረም።

ሥራው በተራ የሚከናወን ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድዱና ዐጥንቱ እስኪጠግኑ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይጠበቃል። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ አፉን መርምሮ ልክ ይወስዳል፤ ልኩም በጄሶ ተሞልቶ የድዱ አምሳያ ይወጣል። በሁለተኛው ቀን በዚያ አምሳያ ላይ በተሠራ ማንኪያ መሰል ዕቃ የጠራ ልክ ይወሰዳል። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ መንጋጎች ምን ያህል ተራርቀው እንደሚገጥሙ በሰም ይለካል። በአራተኛው ቀን ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ይሞከራሉ፤ በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ባለ ጉዳዩን «ፈ» እና «ሰ» ያሉባቸውን ቃላት ያስብለዋል። «ፈ» ሲባል የላይኛው ጥርስ ጫፍ ከንፈሩን ካልነካ፣ «ሰ» ሲባልም ጥርስ ከጥርስ ከተጋጨ ድርድሩ መታረም አለበት። ከዚህ በኋላ ሰሙ በአክሪሊክ ተተክቶ በአምስተኛው ቀን ጥርሱ ለባለቤቱ ይሰጣል።

አብዛኛው ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ገና መጀመሩ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ በዐጥንት ውስጥ በጅማት ተይዞ ጭነቱን ይሸከማል፤ ጅማቱ በያንዳንዱ መንጋጋ 45 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ሰው ሠራሹ ግን የሚያርፈው በለስላሳ ድድ ላይ ሲሆን፣ ስፋቱ በላይ 23፣ በታች 12 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የላይኛው ላንቃን ስለሚሸፍን በስስ ምራቅ አማካይነት ተጣብቆ ይይዛል፤ የታችኛው ግን ምላስ እየገፋው ይዋልላል። በዚህም ምክንያት የማኘክ ኀይሉ ከተፈጥሮ ጥርስ አንድ አራተኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ማኘክን እንደገና ለመልመድም ሳምንታት ያስፈልጋሉ።

ከዚህም በላይ ጥርስ የሌለው ዐጥንት እየከሳ ይሄዳል። ታልግሬን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጥናት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የለበሱ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትለው፣ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል እንደሚከሳ፣ የመጀመሪያው ዓመትም ከሁሉ የከፋ እንደሆነ አሳይተዋል። ድዱ ሲለወጥ አክሪሊኩ አብሮ አይለወጥም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ልክ የነበረው ጥርስ ይሰፋል፣ ይፍቃል፣ ያቆስላል። ሐኪሙ የሚያቆስለውን ቦታ ይሞርዳል፤ የሰፋውን ውስጡን በአዲስ አክሪሊክ ይሞላል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜም ብዙውን ጊዜ ሌላ ይሠራል።

አሁን ይህን በመንገድ እንለካው። ጅግጅጋ ከሐረር በስተ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከድንበሩ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አንድ የቶጎ ውጫሌ ነጋዴ ጥርሱን በጅግጅጋ ቢያሠራ፣ አምስቱ ምልልስ 600 ኪሎ ሜትር ይሆንበታል፤ ሁለት ጊዜ ለማስተካከል ቢመለስ 840 ይደርሳል። የጅግጅጋው ሰው ካራማራን ተሻግሮ ሐረር ቢያሠራ፣ ሰባቱ ምልልስ 1,120 ኪሎ ሜትር ነው። ከብቶቹን ተከትሎ ከሐርሺን ወዲያ የሚዘዋወረው አርብቶ አደር ደግሞ ቀጠሮው ሲደርስ የት እንደሚሆን አስቀድሞ አያውቅም። ለመጀመሪያው ዋጋ ገንዘብ የተገኘ ቢሆንም፣ ለመልሱ መንገድ ሳይታሰብ የቀረ ጥርስ ድድ አቁስሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። በአንድ ቀን ውስጥ ከጎረቤት ጥርስ ጋር በአክሪሊክ አጣብቆ የሚሰጥ ሰው ሲገኝ ብዙዎች የሚማረኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ ግን የማይጸዳ ስለሆነ ደኅነኞቹን ጥርሶች ጭምር ያጠፋል።

አያያዙ ከአገሩ ልማድ ጋር ይስማማል። ለውዱእ አፍን መጉመጥመጥ የተለመደ ስለሆነ፣ በዚያው ጊዜ ጥርሱን አውልቆ ማለቅለቅ ይቻላል። ጫት ወይም ምግብ ከሥሩ ተሰግስጎ መቆየት የለበትም። ማታ ከአፍ ወጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይቀመጣል፤ ውሃ በሚያንስበት ሰፈር እንኳ አንድ ስኒ ይበቃል። ቀንና ሌሊት ከለበሱት ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ላንቃን ያቀላል። የፈላ ውሃ ያጣምመዋል፤ ቢሰበር ደግሞ በሱቅ ማጣበቂያ መጠገን አደገኛ ነው።

ስዊድናዊው ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ሰው በቲታኒየም ብሎን ካከሙ ወዲህ፣ ጥርስን በዐጥንት ላይ መትከል በዓለም ተስፋፍቶአል። ይህ ሕክምና የዐጥንቱን መክሳት ቢቀንስም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ክትትልም ይፈልጋል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሕዝብ የሚወለቀው ጥርስ ገና ለረጅም ጊዜ ዋናው መፍትሔ ሆኖ ይቆያል።

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የምንደርስበት ውሳኔ የሚከተለው ነው። የጥርስ ሥራ አገልግሎት መለካት ያለበት ስንት ሰው ጥርስ ተሰጠው በሚለው ቁጥር ሳይሆን፣ ከዓመት በኋላ ስንቱ በጥርሱ ይበላበታል በሚለው ነው። ጄሶና ሰም፣ ሞረድና አክሪሊክ በመኪና የሚጓዙ ዕቃዎች ናቸው፤ በአውበሬ፣ በቀብሪበያህና በቶጎ ውጫሌ በታወቀ የገበያ ቀን አንድ የጥርስ ቴክኒሺያን በየጊዜው ቢመላለስ፣ መቶ ሽማግሌዎች ከሚጓዙ አንድ ሰው ቢጓዝ ይቀላል። በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ትምህርት ቤቶች ለጤና ሙያ የሚሰናዱ ጓደኞቻችን ይህን የመልስ መንገድ ከሕክምናው ክፍል አንዱ አድርገው እንዲቈጥሩት እናሳስባለን።